«ልጄን ክርስትና አንሳልኝ» አለኝ፤ ምን ልበለው?

«ሰላም እትዬ። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ የ28 ዓመት የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ቦሳ ሰፈር አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ የመጀመሪያ ልጁን ወለደ። ወንድ ነው፤ ዛሬ 21 ቀኑ ነው። ባለፈው ሳምንት አራስ ልጠይቅ ስሄድ “ልጄን ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ” አለኝ። እዚያው ደስ አለኝ፤ ቤት ስገባ ግን ጨነቀኝ። እኔ አንገቴ ላይ ማዕተብ አለ እንጂ ከቆረብኩ የልጅነቴ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለበዓል ነው። ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ጫት እቅማለሁ። ታላቅ ወንድሜ ፕሮቴስታንት ነው፤ ስነግረው “ምንም የማያውቅ ሕፃን ማጥመቅ ባህል እንጂ እምነት አይደለም” አለኝ። መልስ አጣሁለት። ሰፈር ውስጥ ስጠይቅ “ልብስ ትገዛለታለህ፣ በቃ” ይሉኛል። በዚያ ላይ 40 ቀኑ ፍልሰታ ውስጥ እሑድ ላይ ዋለና አባትየው “ጾሙ ይፈታና በግ አርደን እናድርገው” እያለ ነው። እትዬ፣ ጥምቀት ለሕፃን ምኑ ነው? እኔስ ሳይገባኝ ባነሳው ኃጢአት አይሆንብኝም? በየዓመቱ ጥር 11 ጠበል እየተረጨሁ ነው ያደግሁት፤ ስለ ጥምቀት ከዚያ ያለፈ አላውቅም።»

ባለባጃጁ፣ ከጅማ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። አበልጅ ልትሆን ነው።

ጓደኛህ ያለህን ቃል መለስ ብለህ ስማው። «አጥምቅልኝ» አላለህም፤ ማጥመቅ የካህን ነው። «ልብስ ግዛልኝ»ም አላለህም። «አንሳልኝ» ነው ያለህ። ቃሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለኖርን ቆም ብለን አናየውም። የሚነሳው የተኛ ነው፣ የወደቀ ነው፣ በራሱ እግር መቆም የማይችል ነው። ልጁ ከውሃው ሲወጣ የሚቀበሉት ክንዶች ያንተ ናቸው። ጓደኛህ የለመነህ ይህንን ነው።

የዕለቱን ነገር በቅደም ተከተል ልንገርህ። ግማሹ ጭንቀትህ ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል።

ማልዳችሁ ትሄዳላችሁ። ልጁ ስለሚቆርብ ጡት ሳይጠባ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ ያለቅሳል። አትደንግጥ፣ ካህናቱም ለምደውታል። ጸሎቱ ይደርሳል፣ ውሃው ይባረካል። ከዚያ ልጁን ታቅፈህ ፊትህን ወደ ምዕራብ እንድታዞር ትጠየቃለህ። ምዕራብ ፀሐይ የምትጠልቅበት፣ የጨለማ ወገን ነው። እዚያ ቆመህ በልጁ ፈንታ ሰይጣንን ትክዳለህ። ሥራውንም ትክዳለህ። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ትዞራለህ፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ማመንህን ትናገራለህ። ይህን ሁሉ የምትለው አንተ ነህ። ሕፃኑ ገና አፍ አልፈታም። የዚያን ቀን ምላሱ አንተ ነህ።

ከዚያ ካህኑ ልጁን ከእጅህ ይወስደዋል። «አጠምቀከ በስመ አብ» ብሎ ያጠልቀዋል። «ወወልድ» ብሎ ደግሞ ያጠልቀዋል። «ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ሦስተኛ ያጠልቀዋል። ሴት ብትሆን «አጠምቀኪ» ይባል ነበር፤ የምታነሳትም ሴት ትሆን ነበር። ከውሃው ሲወጣ ቅብዓ ሜሮን ይቀባል፤ ግንባሩ፣ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ እጁ፣ እግሩ። ሜሮን የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም ነው። ማዕተቡ ይታሰርለታል። የክርስትና ስም ይሰጠዋል። በዚያው ቅዳሴ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። የ40 ቀን ልጅ በአንድ ጠዋት ተወልዶ፣ ታትሞ፣ ከጌታ ማዕድ ቀምሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኔም አንዲት ልጅ አንስቻለሁ። ካህኑ ሲያቀብለኝ ውሃው ገና ከጀርባዋ ይወርድ ነበር። የዘረጋሁት ነጠላ ወዲያው ራሰ። እርጥበቱ ቀሚሴን አልፎ ደረቴ ላይ ደረሰ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እንደዚያው ረጥቤ ቆምኩ። ብርድ ነበር፤ እሷ ግን ትሞቀኝ ነበር። ከዚያ ቀን ድግስ የበላሁትን አላስታውሰውም። ያንን እርጥበት አስታውሰዋለሁ።

ጥምቀት ምንድን ነው ላልከኝ፣ በመጀመሪያ ልደት ነው። ኒቆዲሞስ የሚባል የአይሁድ መምህር በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ «ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ሊወለድ ይችላል?» ብሎ ጠየቀው። ጌታም «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» ብሎ መለሰለት። ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ላይ ታገኘዋለህ። አባቶቻችን ይህን ሲያስተምሩ «ልጅነት» የሚለውን ቃል ይወዱታል። አዳም በበደሉ ልጅነቱን አጣ፤ በጥምቀት ልጅነት ተመለሰልን ይላሉ። የጓደኛህ ልጅ ዛሬ የአባቱና የእናቱ ልጅ ነው። ከውሃው ሲወጣ የእግዚአብሔር ልጅ ይባላል። ኃጢአት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ምኑ ይታጠባል የሚሉ አሉ። የሚሰጠውን ይዩ፤ ልጅነት ነው የሚሰጠው። ልጅ ለመሆን ደግሞ ዕድሜ አያስፈልግም።

ለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያናችን ጥምቀትን ሁለት ቦታ የምትቆጥረው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ከእምነታችን ምሰሶዎች፣ ሦስተኛው ነው፤ ከምሥጢረ ሥላሴና አምላክ ሰው ከሆነበት ከምሥጢረ ሥጋዌ ቀጥሎ ይመጣል። ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመጀመሪያው ነው። ያልተጠመቀ አይቆርብም፣ በተክሊል አያገባም፣ ክህነት አይቀበልም። ወደ ሌላው ሁሉ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ሁለተኛው ነገር ከበድ ይላል፤ ለአራስ ቤት የሚነገር ባይመስልም ልንገርህ። ጥምቀት ሞት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው፣ ምዕራፍ 6 ላይ፣ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተቀበርን ይላል። ውሃው መቃብር ነው። ሦስት ጊዜ መጥለቁ ጌታ በመቃብር ያደረውን ሦስት ቀን ያስታውሳል። መውጣቱ ትንሣኤው ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል። ተነሣ፣ ትንሣኤ፣ ማንሣት። የቃላቱ ሥር አንድ ነው። «ክርስትና አንሳልኝ» የተባልከው ከክርስቶስ ጋር የሚነሣውን ልጅ ተቀበልልኝ ማለት ነው። እኔ ይህ የገባኝ ልጅቷን ካነሳሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ ሌላ ዓይነት የክርስትና እናት እሆን ነበር። እመለስበታለሁ።

ወንድምህን ስለ ነገረህ አትቀየመው። እሱ ያለበት ቤተ እምነት ሰው ተምሮና አምኖ በአፉ ሲመሰክር ነው የሚያጠምቀው፤ ያመነበትን ነው የነገረህ። ግን ሕፃን ማጥመቅ የእኛ ሰፈር ልማድ ብቻ አይደለም። ካቶሊኮች ሕፃን ያጠምቃሉ። ከፕሮቴስታንቶቹም መካነ ኢየሱስ ታጠምቃለች። ትልቅ ሰው ሊጠመቅ ሲመጣ ደግሞ እኛም ዘንድ ቀድሞ ይማራል፤ ንዑሰ ክርስቲያን ይባላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው የእኛው ሰው፣ የኢትዮጵያዊቷ ንግሥት ጃንደረባ፣ ፊልጶስ አስተምሮት ነው «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ያለው። በዚህ ከወንድምህ ጋር አንጣላም።

ሕፃኑ ግን እንዴት ነው? ማርቆስ ምዕራፍ 2ን አንብብና ለወንድምህም አንብብለት። አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው መጡ። ሕዝቡ በዝቶ መግቢያ ቢያጡ ጣሪያውን ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። ከዚያ ምን ተጻፈ? «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል። እምነቱን አይልም፣ እምነታቸውን ነው የሚለው። የተሸከሙትን ሰዎች እምነት አይቶ ለተኛው «አንተ ልጅ፥ ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» አለው። ሽባው እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ሲናገር አልተጻፈም። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ አንተ ነህ ማለት ነው። አባቱና እናቱ ሁለቱን ጫፍ ይዘዋል። ካህኑ አንዱን ይዟል። አንድ ጫፍ ቀርቷል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የወኅኒ ጠባቂው ከነቤተሰቡ በሌሊት ተጠመቀ። ልድያም ከነቤተሰቧ። ሕፃን ነበረ ብሎ መጽሐፉ አይዘረዝርም፤ ቤቱ በሙሉ ገባ ነው የሚለው። በብሉይም የአብርሃም ልጆች በስምንተኛ ቀናቸው ሲገረዙ ቃል ኪዳኑን የሚያውቅ አንድም የስምንት ቀን ልጅ አልነበረም። ደግሞ እዚሁ ጅማ እየኖርን አንድ ነገር እናያለን። ልጆቻችን አፋቸውን በኦሮምኛም በአማርኛም ይፈታሉ። በየትኛው ልፍታ ብሎ የጠየቀ ሕፃን የለም። የምንወደውን ቀድመን እንሰጣለን፤ ሲያድግ ይናገርበታል።

ይህን ብዬ ወንድምህ አንድ እውነት እንደያዘ አልክድም። ተጠምቆ የተተወ ልጅ አለ። ቡና አገር ነው ያለነው፤ ችግኝ ተክሎ ጥላ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ የሚተወው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ጥፋቱ ግን በሕፃንነቱ መጠመቁ አይደለም፤ ያነሱት ሰዎች መልሰው ማስቀመጣቸው ነው። ይህን የምለው የማንንም ስም ለማጥፋት አይደለም። እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ።

ያነሳኋት ልጅ ጎረቤቴ ነበረች። ለፋሲካ ልብስ እገዛላት ነበር። መስከረም ሲጠባ ደብተር። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች የክርስትና እናት ናት» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር። 12 ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ከሰንበት ትምህርት ቤት መልስ ቤቴ መጣች። ቡና እየወቀጥኩ ነበር። «እትዬ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነው?» አለችኝ። እናቷ ረስታዋለች፤ «የክርስትና እናትሽ ታውቀዋለች» ብላ ወደ እኔ ልካታለች። ዘነዘናውን ይዤ «ወለተ…» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣልኝም። የሴት ልጆች ስም ብዙው በወለተ ነው የሚጀምረው፤ ያንን ማንም ያውቃል። ልጅቷ ቀጥዬ የምናገረውን ስትጠብቅ ዓይን ዓይኔን ታይ ነበር። በመጨረሻ «እሺ፣ ሲያስታውሱ ይነግሩኛል» ብላ ወጣች።

በስሟ ነው ካህን የሚጸልይላት። በስሟ ነው ንስሐ የምትቀበለው። በስሟ ነው ተክሊል የሚደርስላት። ስትሞትም ፍትሐት የሚደረግላት በዚያው ስም ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ በጆሮዬ የሰማሁትን ስም ከ12 ዓመት በኋላ ግማሹን ብቻ ነበር የያዝኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ከእናቷ ጋር ሳጥን ስንገለብጥ ቆይተን የጥምቀት ምስክር ወረቀቷን ከአሮጌ የክትባት ካርድ ጋር ተጣብቆ አገኘነው። ወስጄ ሰጠኋት። ሙሉ ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ የተጀመረው፦ ጸሎት አብረን መድገም፣ ጾም አብረን መያዝ፣ ለቁርባን አብረን መሄድ። 12 ዓመት ዘግይቼ ጀመርኩ።

ስለዚህ ሰፈር ውስጥ «ልብስ ትገዛለታለህ፣ በቃ» ያሉህን አትስማ። ልብሱ ጥሩ ነው፣ ግዛለት። ነጭ ይሁን፣ ንጹሕ ይሁን። ለወርቅና ለትልቅ ስጦታ ብለህ ግን ብድር ውስጥ እንዳትገባ። ያንን ማንም አክስት ልትገዛለት ትችላለች። በምሥራቅና በምዕራብ ቆመህ በእሱ አፍ የተናገርከውን ግን ካንተ በቀር ሌላ ሰው ሊፈጽምልህ አይችልም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄህ። «ሳይገባኝ ባነሳው ኃጢአት አይሆንብኝም?»

በልጁ በኩል አትፍራ። የጥምቀቱ ጸጋ የእግዚአብሔር ነው። ያንተ ድክመት የልጁን ጥምቀት አያጎድለውም። በራስህ በኩል ግን ቃሉ ቃል ነው። ወደ ምዕራብ ዞረህ የምትክደውን ነገር በኪስህ ይዘህ አትቁም። ልጁ 21 ቀኑ ከሆነ 19 ቀን አለህ። ነገ ዛሬ ሳትል ወደ ነፍስ አባትህ ሂድ። የነፍስ አባት ከሌለህ ልጁ የሚጠመቅበት ቤተ ክርስቲያን ገብተህ «የነፍስ አባት እፈልጋለሁ» በላቸው። ከዚያ ለእኔ የጻፍከውን ሳትቀንስ ሳትጨምር ንገራቸው፦ ከቆረብኩ ቆየሁ፣ ጫት እቅማለሁ፣ ክርስትና አንሳ ተባልኩ። ቀኖና ይሰጡህ ይሆናል። «ቆይ፣ አሁን ሌላ ሰው ያንሳው» ሊሉህም ይችላሉ። እንደዚያ ካሉህ ለጓደኛህ እውነቱን ንገረው፤ አይቀየምህም። እኔን ብትጠይቀኝ ግን አንሳው ባይ ነኝ። ጓደኛህ የመረጠህ አብሮህ አድጎ ነው፤ ጉድለትህንም መልካምነትህንም አውቆ ነው።

ስለ ጫቱ ጅማ ውስጥ እየኖርን አዲስ ነገር እንደሰማን መሆን አያምርብንም። ስንቱ ጎረምሳ ከሰዓቱን እዚያ እንደሚጨርሰው እናውቃለን። አንድ ነገር ብቻ አስብ። ይህ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከትምህርት ቤት ሲወጣ «የክርስትና አባቴ ጋ ልሂድ» ብሎ ይመጣል። ከሰዓት ነው የሚመጣው። የት እንደሚያገኝህ ከአሁኑ ወስን። ለነፍስ አባትህም ይህንኑ ንገራቸው፤ እንዴት እንደምትላቀቅ አብረው ያስቡልሃል።

ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግን እምቢ በል። ፎቶ ተነስተህ፣ ጠላ ጠጥተህ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ መንገድ ላይ «ጎረመስክ እኮ» ልትለው ከሆነ ለሌላ ሰው ተውለት። አበልጅነት ዝምድና ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሥጋ ዝምድና ትቆጥረዋለች። ነገ ስትወልድ ልጆችህ ለእሱ እህትና ወንድም ናቸው፣ አይጋቡም። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥትም ይህን ይከለክላል።

የበጉ ነገር። እዚህ ላይ ከጓደኛህ ጋር አልስማማም፤ አንተም እንዳትስማማለት እለምንሃለሁ።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁት እንዲሁ አይደለም። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት እንደገቡ ይናገራል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይም የወለደች ሴት የመንጻቷ ቀን ሲደመር ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ይመጣል። ልጁ በዚያ ቀን ወደ ገነት የሚገባ ያህል ነው። እናቲቱም ከወለደች በኋላ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ያን ዕለት ነው፤ እሷም ቀን እየቆጠረች ነው። ልጅ በጠና ከታመመ 40 ሳይሞላው ይጠመቃል። ለነፍስ ብሎ ቀን ይቀደማል። ለበግ ተብሎ ቀን ሲገፋ ግን ያሳዝነኛል።

ደግሞ ፍልሰታ እኮ ነው። እንዲያውም ልጆች በእናታቸው ጀርባና በአባታቸው ትከሻ ሆነው ለቁርባን የሚሰለፉበት ጾም ነው። ይህ ልጅ የመጀመሪያ ቁርባኑን በፍልሰታ እሑድ ቢቀበል ምን ይጎድልበታል? የጎደለው የእኛ ጥብስ ብቻ ነው።

ለጓደኛህ ይህንንም ጨምርለት። ጅማ ላይ ድግስ ሲደገስ ሙስሊም ጎረቤት አይቀርም። በግ ከታረደ ለእነሱ ለብቻ ማሳረድ፣ በሌላ ድስት መጣድ፣ በሌላ ትሪ ማቅረብ አለ። ወጪውም ድካሙም ድርብ ነው። የጾም ድግስ ከሆነ ግን ሽሮው አንድ፣ ምስሩ አንድ፣ ጎመኑ አንድ ነው። አራሷን ገንፎ ስታገነፋ የከረመችው ሙስሊም ጎረቤት ከሚስቱ እናት ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች። ድፎ ዳቦ ይቆረስ፣ ቡና ይፈላ። ከዚህ የተሻለ የክርስትና ድግስ በበኩሌ አላየሁም። በጉን ከፈለገ ጾሙ ሲፈታ አርዶ ይጥራን፤ ለዚያ ቀን ማንም አይከለክለውም።

ጥር 11 ላይ ስለምትረጨው ጠበል በአጭሩ ልመልስልህ። ያ በዓል ጌታ በዮርዳኖስ በዮሐንስ እጅ የተጠመቀበት መታሰቢያ ነው። እሱ ኃጢአት ኖሮበት አልተጠመቀም፤ ውሃውን ሊቀድስልን፣ መንገዱን ሊያሳየን ነው። አብ ከሰማይ ተናገረ፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ወረደ። በጥምቀት በዓል የምንረጨው ለበረከት ነው እንጂ ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም። ጥምቀት አንድ ጊዜ ነው። በ381 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች ኃጢአትን ለማስተስረይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ያሉት ቃል ዛሬም ጸሎተ ሃይማኖታችን ውስጥ አለ። ሥጋዊ ልደት አይደገምም፤ ይኸኛውም አይደገምም። አንተም በ40 ቀንህ የተቀበልከው እስከ ዛሬ አንተ ላይ አለ። የራቅኸው አንተ ነህ እንጂ ልጅነቱ አልተወሰደብህም። ንስሐ የሚባለው ወደዚያው መመለስ ነው።

እስከዚያ እሑድ ድረስ ይህን አድርግ። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃልህ ያዝ። ተሳፋሪ ስትጠብቅ ባጃጅህ ውስጥ ቁጭ ብለህ በቀን ሦስት አራት መስመር ብታጠና ይበቃሃል። ቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ከጓደኛህ ጋር ሄዳችሁ ቀኑን አስመዝግቡ፣ ከእናንተ የሚፈለገውን ጠይቁ። በኋላ ምስክር ወረቀቱን ተቀበሉ። የክርስትና ስሙ ሲነገር ጆሮህን ጥለህ ስማ። ከድግሱ በፊት ጻፈው፤ ስልክህ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም፣ ምክንያቱም ስልክ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ደግነቱ አንተ ሌላ ሰው የሌለው ነገር አለህ። ባጃጅ አለህ። ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ያለ ንስሐ ይቆርባል፤ የሚያጎድለው የሚያደርሰው ሰው ማጣት ነው። ክረምት በዚህ በጅማ ዝናብ ሕፃን ይዛ ጭቃ ውስጥ መሄድ ለእናት ከባድ ነው፤ ስንቷ በዚህ ብቻ ትቀራለች። እሑድ ጠዋት ሥራ ከመጀመርህ በፊት በራቸው ላይ ቁም። እናቲቱንና ልጁን አሳፍርና አድርሳቸው። አንተም ገብተህ አስቀድስ። ልጁ አፍ ሲፈታ «አባታችን ሆይ»ን ከአንተም አፍ ይስማ። ቀስ እያለ ባጃጅህ ስትመጣ በድምፅዋ ያውቃታል።

ለዕለቱ ሁለት ደረቅ ነጠላ ያዝ። አንዱ ይርሳል።